ቁም ሣጥኑና ቁልፉ

(በደጋፊዎቻችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በኢምፔሪያል አካባቢ ለምንረዳው መዋዕለ ሕፃናት የዕቃ ማስቀመጫ እንድናሠራ ገንዘብ ሰጥታችሁን ነበር። ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለዚያ ገንዘብ ልንነግራችሁ ነው። አስቀድመን ከልብ እናመሰግናችኋለን። ቀጥሎም ስሕተታችንን ሳንደብቅ እንናገራለን፤ የመጀመሪያውን ዕቃ ያሠራነው ሳናስብበት ነውና።

አካባቢውን ለማታውቁት፣ ኢምፔሪያል ስሙን ከሆቴሉ ያገኘ፣ የቀለበት መንገዱ የሚያልፍበት፣ ከገርጂ ጋር የሚዋሰን ሰፈር ነው። በአዲስ አበባ እንደሚገኙት ብዙ መዋዕለ ሕፃናት ሁሉ ይህም ትምህርት ቤት የተከፈተው ለመኖሪያ በተሠራ የኪራይ ቪላ ውስጥ ነው። ሳሎኑ የትልልቆቹ ልጆች፣ መኝታ ቤቶቹም የትንንሾቹ ክፍል ሆነዋል።

በመጀመሪያ ያሠራነው ሁለት ሜትር ቁመት ያለው፣ ከታች ሁለት መሳቢያ፣ ከላይ መዝጊያና ቁልፍ ያለው የችፑድ ቁም ሣጥን ነበር። ነጭና ሲያዩት የሚያምር ነበር። የእንጨት ኩቦቹን፣ የሥዕል መጻሕፍቱንና መገጣጠሚያዎቹን በውስጡ ደርድረን፣ ፎቶግራፍም አንሥተን ተመለስን። ከስምንት ወር በኋላ ስንሄድ መጫወቻው ሁሉ እንዳዲስ ተቀምጦ አገኘነው። አንዳንዱ ከላስቲኩ እንኳ አልወጣም ነበር።

መምህርቷን ምክንያቱን ጠየቅናት። «ምን ላድርግ ብላችሁ ነው?» አለችን። «ዕቃውን ፈርሜ የተረከብሁት እኔ ነኝ። አንዲት ኩብ ብትጠፋ ከደመወዜ ይቆረጣል። ስለዚህ ቆልፌ አስቀመጥሁት።»

መልስ አጣን። የርክክቡን ወረቀት ያዘጋጀነው እኛው ነበርንና።

ከዚህ የባሰም ሊደርስ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ልጅ የተከፈተውን መሳቢያ እንደ ደረጃ ረግጦ ወደ ላይ ሊወጣ ሲሞክር ቁም ሣጥኑ ወደ ፊት አዘነበለ። ረዳት መምህርቷ አጠገቡ ስለነበረች በትከሻዋ ደገፈችው፤ ልጁም ሳይጎዳ ወረደ። እንዲህ ያለው አደጋ በሌላ አገር ሕይወት አጥፍቷል። የስዊድኑ የቤት ዕቃ ኩባንያ ኢኬያ እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ 29 ሚሊዮን ያህል ባለመሳቢያ ሣጥኖችን ገዢዎች እንዲመልሱ የጠየቀው፣ ከግድግዳ ጋር ያልታሰሩ ሣጥኖች ወድቀው ሕፃናትን ከገደሉ በኋላ ነው። የእኛም ቁም ሣጥን ከግድግዳ ጋር አልታሰረም ነበር።

እንግዲህ ሁለተኛውን ዕቃ ከማሠራታችን በፊት ከመምህራኑ ጋር ተቀምጠን፣ «ይህ ዕቃ የሚያገለግለው ማንን ነው?» ብለን ተጠያየቅን። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም ከተማ፣ በሳን ሎሬንዞ ሰፈር ለድኆች ልጆች ቤት በከፈተች ጊዜ፣ መማሪያ ዕቃው በቁም ሣጥን ተቆልፎ ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን መምህርቷ መቆለፍ ረሳች። ልጆቹም ራሳቸው ከፍተው የፈለጉትን እያወጡ መሥራት ጀመሩ። መምህርቷ ነገሩን እንደ ሌብነት ቆጠረችው፤ ሞንቴሶሪ ግን ልጆቹ የሚፈልጉትን ለይተው መምረጥ መቻላቸውን ተረዳች። ከዚያም በኋላ ዕቃው ልጆቹ በሚደርሱበት ዝቅተኛ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ ጀመር። እኛ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተን ያንኑ ቁልፍ ገዛን።

ሥራውን ወደ ገርጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ላለ አንድ አናጺ ሰጠነው። እርሱም፣ «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ብሎ ሜትሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ። ከውጭ አገር መጽሔት ያመጣንለትን ሥዕል አይቶ፣ «ልጆቹን ልያቸው» አለን። ትክክል ነበር። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ የአራት ዓመት ልጅ መካከለኛ ቁመት 1 ሜትር ከ3 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 ከመቶ የሚሆኑት ለዕድሜያቸው አጭር ሆነው ተገኝተዋል። የአዲስ አበባው ቁጥር ከዚህ ያነሰ ቢሆንም፣ ለሌላ አገር ልጅ የተሠራ ልክ ለእኛ ልጅ ይስማማል ማለት አይቻልም። አናጺው ልጆቹን በግድግዳው አጠገብ አቁሞ፣ የትንሿን ልጅ ትከሻና ወደ ፊት የዘረጋችውን ክንድ ለካ። ከዚያ የመደርደሪያው ቁመት 75፣ ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ሆነ። መዝጊያም መሳቢያም የለውም።

ስለ እንጨቱም ተመካከርን። የችፑዱ ቁም ሣጥን ወለሉ በየቀኑ በውኃ ሲወለወል እግሩ አብጦ መፈርፈር ጀምሮ ነበር። ከእኛ መካከል ዋንዛ ይሁን ያሉ ነበሩ። ይሁን እንጂ ዋንዛ ተመናምኗል፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። በመሆኑም ተተክሎ የሚያድገውን የፈረንጅ ጥድ መረጥን። የመደርደሪያው እግር 10 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ መወልወያው ከሥሩ ያልፋል። ማዕዘኖቹ ሁሉ ክብ ሆነው ተልገዋል፤ በብርጭቆ ወረቀትም ለስልሰዋል።

ቤቱ የኪራይ መሆኑም አሳስቦን ነበር። አከራዩ ቢያስለቅቀን ዕቃው አብሮን መሄድ አለበት። ስለዚህ አንዱ መደርደሪያ ከ1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር እንዳይረዝምና ሁለት ሰው እንዲሸከመው ተደረገ። ዝቅ ያለ ዕቃም ልጅ ከተንጠለጠለበት ይወድቃልና፣ አከራዩን አስፈቅደን በግድግዳው በኩል ያሉትን በፊሸርና በብሎን አሰርናቸው። በክፍሉ መካከል የሚቆሙትን ደግሞ ጀርባ ለጀርባ በብሎን አጣመርናቸው።

በየመደርደሪያው ላይ የውስጡ ዕቃ ሥዕል ተለጥፏል፤ ማንበብ ያልጀመረው ልጅ ሥዕሉን አይቶ ኩቡን ወደ ኩቡ ስፍራ ይመልሳል። አሮጌውን ቁም ሣጥን አልጣልነውም። አናጺው ያበጠውን ቆርጦ ጥሎ፣ በቢሮው ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጎ አሰረው። አሁን በረኪናው፣ መድኃኒቱና ትልልቁ መቀስ ይቆለፉበታል። ሊቆለፍ የሚገባው ይህ ነበር።

የቀረው ወረቀቱ ነው። መደርደሪያው ክፍት ሆኖ ወረቀቱ እንደ ቀድሞው ቢቀር፣ መምህርቷ ኩቡን በካርቶን አድርጋ ቢሮ ውስጥ በደበቀችው ነበር። ስለዚህ በልጆች እጅ የሚያልቅና የሚጠፋ መጫወቻ በመምህር ደመወዝ እንዳይታሰብ ወስነን፣ ይህንኑ በጽሑፍ ሰጠናት። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያም ቁልፉን መለሰችልን።

ወገኖቻችን፣ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ከፍለናል፤ ገንዘቡም የእናንተ ነው። በዚህም ይቅርታ እንጠይቃለን። ባለፈው ሳምንት ዕቃውን ስንቆጥር ከ48ቱ ኩቦች አራቱ ጠፍተዋል፤ ሁለት መጻሕፍትም ተቀድደዋል። በመዝገባችን ላይ ይህን በጉድለት ዓምድ ጽፈነዋል። እናንተ ግን ሪፖርቱን ስታነቡ፣ ባለፈው ዓመት በዚያው ዓምድ ላይ ምንም ጉድለት እንዳልተጻፈ አስታውሱ። ያን ጊዜ ምንም አልጠፋም ነበር፤ የተጫወተም ልጅ አልነበረም።