ከሁለተኛ ዲግሪ ወደ ኋላ ስንቆጥር
(በኪዋቱሌ፣ ካምፓላ ለተሰበሰቡ ስደተኛ ተማሪዎችና ወላጆች የተደረገ ንግግር)



 በሰፈራ ጣቢያ ያላችሁና መምጣት ያልቻላችሁ ወገኖቻችንም ቃላችን በዚህ ጽሑፍ ይድረሳችሁ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከተማሪዎቻችን አንዱ «በሂሳብ ሁለተኛ ዲግሪ መማር እመኛለሁ፤ ምን ይዤ መቅረብ አለብኝ?» ሲል ጠየቀን። እኛ ራሳችን ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በላይ አልገፋንም። ሆኖም ጥያቄው የብዙዎች ስለሆነ፣ ጠይቀንና አንብበን የደረስንበትን እነሆ እንላለን።

ነገሩን ከላይ ወደ ታች እንቁጠረው። በሂሳብ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያመለክት ሰው በቅድሚያ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ዲግሪውንና ትራንስክሪፕቱን ነው። በዚያ ወረቀት ላይ ካልኩለስ፣ ሊኒያር አልጀብራ፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ አናሊሲስ የመሳሰሉት ትምህርቶች ከነውጤታቸው ተዘርዝረው ይታያሉ። ከመጀመሪያው ዲግሪ በፊት ደግሞ በእኛ አገር አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ በዩጋንዳ ሲኒየር 6 አለ። ከዚያ በፊት ሲኒየር 4፣ ከዚያም በፊት ሰባቱ የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች አሉ። እንግዲህ ሁለተኛ ዲግሪ የሚባለው ነገር መሠረቱ ክፍልፋይ ነው። ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ አልጀብራ ላይ ይሰናከላል፤ አልጀብራ ያልገባው ካልኩለስ ላይ ይቆማል። በመሆኑም «ስደተኛ ምን ያደርግለታል» ብሎ በስምንተኛ ክፍል ሂሳብን የተወ ልጅ፣ የተወው አንድ ትምህርት ብቻ ሳይሆን ከላይ ያለውን ደረጃ በሙሉ ነው።

ይህ አገር ለኢትዮጵያ የሂሳብ ትምህርት ባዕድ አይደለም። ከ1962 ጀምሮ ከካምፓላ ብዙም በማይርቀው እንቴቤ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ መምህራን ከውጭ ባለሙያዎች ጋር እየተሰበሰቡ የሂሳብ መጻሕፍት አዘጋጅተዋል። መጻሕፍቱም «የእንቴቤ ሂሳብ» ተብለው ይታወቁ ነበር።

አሁን ስለ አንድ ስደተኛ እንንገራችሁ። ኮቸር ቢርካር ይባላል። በ1978 በኢራን ኩርዲስታን፣ ማሪቫን በሚባል አካባቢ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ልጅነቱ ያለፈው በኢራንና በኢራቅ ጦርነት ወቅት ነው። ከትምህርት ቤቱ አልፎ ሂሳብ ያስተማረው ታላቅ ወንድሙ ነበር። በቴህራን ዩኒቨርሲቲ ሂሳብ ሲያጠና ቆይቶ፣ በ2000 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ሄዶ ጥገኝነት ጠየቀ። በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ገብቶም በ2004 ዶክትሬቱን አገኘ። በስደት የያዘው ስም በኩርድኛ «ስደተኛ የሂሳብ ሰው» ማለት ነው። በ2018 በብራዚል፣ በሂሳብ ዓለም ከታላላቆቹ ሽልማቶች አንዱ የሆነውን የፊልድስ ሜዳሊያ ተሸለመ። ታዲያ ሜዳሊያው በተሰጠው ዕለት፣ ገና ከአዳራሹ ሳይወጣ፣ ሰረቁት! ከጥቂት ቀናት በኋላ ሌላ ተሰጠው። ወርቁ ተሰረቀ እንጂ ሂሳቡን የነካው አልነበረም።

ከአገራችን ደግሞ ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለን እናንሳ። የፊዚክስ ሰው ቢሆኑም ጉዳዩ አንድ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በደርግ ዘመን ለዓመታት ታሰሩ። ዶክትሬታቸውን ያገኙት ግን በ1990ዎቹ፣ በሕንድ ባንጋሎር ነው። በሁለቱ ዲግሪዎች መካከል ሃያ ዓመት ያህል አለፈ። በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር ለሰብአዊ መብት የሚሰጠውን የሳካሮቭ ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ ሆኑ። «ጊዜዬ አልፏል» የምትሉ ይህን አስቡ።

የራሳችንን ጥፋትም አንደብቅም። ስንሰደድ የማትሪክ ወረቀታችን አገር ቤት ቀረ። «ወረቀት ሳይኖር ምን ይጠቅማል» ብለን መጽሐፍ ሳንገልጥ ሁለት ዓመት ተቀመጥን። በስተመጨረሻ አንድ ዘመድ ወረቀቱን ላከልን። ወረቀቱ ሲመጣ ግን ትሪጎኖሜትሪው ሄዶ ነበር! ለመግቢያ የተሰጠንን ጥያቄ መሥራት አቅቶን ተመለስን። ወረቀት ቢጠፋ ሌላ ይተካ ይሆናል፤ የተረሳውን የሚተካው ግን እንደገና መማር ብቻ ነው።

ስለዚህ የምንመክራችሁ የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ ያላችሁን ሰርተፍኬት፣ ትራንስክሪፕትና ሪፖርት ካርድ ኮፒ አድርጉ፤ ፎቶ አንሥታችሁ ለምታምኑት ሰውም ላኩ። ወረቀት ለማስመጣት ወደ ኤምባሲ ከመሄዳችሁ በፊት ግን የሕግ አማካሪ ጠይቁ፤ የስደተኝነት ጉዳያችሁን ሊነካ ይችላልና።

ሁለተኛ፣ የሁለተኛ ደረጃ ወረቀታችሁን በዩጋንዳ ብሔራዊ የፈተናዎች ቦርድ፣ የዩኒቨርሲቲ ወረቀታችሁን በከፍተኛ ትምህርት ብሔራዊ ምክር ቤት አስመዝናችሁ ደረጃውን አስታውቁ። የመመዝገቢያ ጊዜ እስኪደርስ አትጠብቁ።

ሦስተኛ፣ የተማራችሁትን ትምህርት፣ የመጽሐፉን ስምና የደረሳችሁበትን ምዕራፍ በደብተር ጻፉ። ወረቀቱ በሌለ ጊዜ የምታውቁትን ለማስረዳት ይረዳችኋል።

አራተኛ፣ ስለ ነፃ የትምህርት ዕድል ጠይቁ። ከ1992 ጀምሮ በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የሚሰጠው፣ በራሱ በስደተኛው በአልበርት አይንስታይን ስም የተሰየመው «ዳፊ» ለመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ደግሞ በ2003 በደቡብ አፍሪካ የተመሠረተው የአፍሪካ የሂሳብ ሳይንስ ተቋም በርዋንዳም ማዕከል ከፍቷል።

አምስተኛና ዋናው፣ በየቀኑ ጥቂት ጥያቄ ሥሩ። ሂሳብ ላቦራቶሪ አይፈልግም፤ እርሳስና ወረቀት፣ ከጠፋም መሬትና እንጨት ይበቃዋል። ታላላቆች ታናናሾቻችሁን አስተምሩ፤ የኮቸር የመጀመሪያ አስተማሪ ወንድሙ እንደነበረ አትርሱ።

ያ የጠየቀን ልጅ ዛሬም ከመካከላችን ተቀምጧል። መልሳችን ይኸው ነው፤ ወረቀትህን ጠብቅ፣ ወረቀትህን ስትጠብቅ ግን ደብተርህን አትዝጋ።