መርካቶን በእግር ስለ መጐብኘት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሐዋሳችን አዲስ ከተማ የሚባል ክፍለ ከተማ እንዳላት ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ የምናገረው ግን ስሙን ስለሚጋራው የአዲስ አበባ ሰፈር፤ ይኸውም ስለ መርካቶ ነው። ማኅበራችን ለጉብኝት ወደዚያ ቢሄድ አካሄዳችን እንዴት ሊሆን እንደሚገባ አሳቤን ላቅርብ።

የአዲስ አበባ የቀድሞ ገበያ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማይቱን በያዙ ጊዜ ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ሲሉ አራዳን ለአውሮፓውያን አደረጉና የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩት። መርካቶ ማለትም በቋንቋቸው ገበያ ማለት ነው። ገዦቹ ሄዱ፤ ገበያው ቀረ። በንቀት የተከለለውን ስፍራ ከየአገሩ የመጣው ነጋዴ፤ በተለይም ጉራጌው፤ በላቡ የአገሪቱ ታላቅ ገበያ አደረገው።

ወደ መርካቶ ለሚሄድ እንግዳ የሚነገረው የመጀመሪያ ቃል «ኪስህን ጠብቅ» የሚል ነው። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ትምህርቱ በዚህ ከጀመረና በዚህ ካለቀ ሠርቶ አዳሪው ሁሉ ሌባ መስሎ ይታያል። መርካቶ ላላወቀው ትርምስ ነው፤ ለሚያውቀው ግን ሥርዓት አለው። ሥርዓቱም «ተራ» ይባላል። ሸማ ተራ፤ ጫማ ተራ፤ ጎማ ተራ እየተባለ አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ስፍራ ስለሚሸጥ፤ ገዢው ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ዋጋ ያመዛዝናል። በምናለሽ ተራ ሌላው የጣለው ብረትና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል። አንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንም በጉርብትና ቆመዋል።

ይህ ሁሉ ሳይጻፍ ሊጠፋ ይችላል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በሸማ ተራ የተነሣው እሳት የብዙ ነጋዴዎችን ንብረት አጥፍቷል። ከተማ አይታደስ አልልም፤ ጠባብ መንገድ ለእሳት አደጋ መኪና እንደማይመች የታወቀ ነው። ነገር ግን ቤቱ ሲፈርስ የተራው ስምና ልማድ አብሮ እንዳይቀበር መጠየቅና መጻፍ የተማረ ሰው ግዴታ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፤ መሪያችን በተራው ውስጥ ሲሠራ የኖረ ነጋዴ ወይም ተሸካሚ ይሁን፤ ሥራውን ትቶ ስለሚመራንም ዋጋው ይከፈለው። ሁለተኛ፤ በትንንሽ ቡድን ሆነን እንሂድ፤ ሸክም ለያዘ ሰው መንገድ እንልቀቅ፤ ሳናስፈቅድም ፎቶግራፍ አናንሣ። ሦስተኛ፤ የየተራውን ስም፤ ዕቃውንና ሽማግሌዎቹ የሚነግሩንን ጽፈን በዚሁ አዳራሽ እናንብበው።

ሐዋሳ ገና ወጣት ከተማ ናት፤ ገበያዋ ሲቋቋም ያዩ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ከመርካቶ ስንመለስ እነርሱን ሳንጠይቅ ብንቀር ጉብኝታችን የእግር ድካም ብቻ ይሆናል።