ከሽቦው በፊት ላሜራው፦ ለቤት ሠራሽ የጊታር አምፕሊፋየር ቻሲና ሳጥን ስለ መምረጥ

ከሁለቱም ሞያሌ፣ ከኢትዮጵያውም ከኬንያውም፣ የመጣችሁ በያጆች፣ አናጢዎችና ጊታር ተጫዋቾች፤

የቫልቭ አምፕሊፋየር በገዛ እጁ ሊሠራ የተነሣ ወጣት አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቫልቩና ስለ ትራንስፎርመሩ ነው። ዕቃው የሚታሰርበት ብረትና ብረቱ የሚገባበት ሳጥን ግን ባለቀ ሰዓት በተገኘ ነገር ይሞላሉ። እኔ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ እላለሁ። ቻሲው የተጫዋቹን ሕይወት ይጠብቃል፤ ሳጥኑ የድምፁን መልክ ይሠራል። ከአዲስ አበባም ከናይሮቢም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን ስለምንኖር ቫልቩን ከሩቅ ማስመጣታችን ግድ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ግን በእናንተው እጅ እዚሁ ይሠራሉ።

ከሕይወቱ ልጀምር። ለጀማሪ የምመክረው ፌንደር ቻምፕ የተባለውን አምፕሊፋየር ንድፍ ነው፤ ሦስት ቫልቭ፣ 5 ዋት ያህል ጉልበት። ይህ ትንሽ መሣሪያ በሆዱ ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ቮልቱን ሊያቆዩት ይችላሉ። የጊታሩ ክር ደግሞ በገመዱ በኩል ከቻሲው ጋር የተገናኘ ነው፤ ቻሲው ኮረንቲ ከያዘ ክሩም ይይዛል። የስቶን ዘ ክሮውስ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ እ.አ.አ. በግንቦት 1972 በዌልስ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ማይክሮፎን ሲነካ በኮረንቲ ተመቶ ሞተ። የያርድበርድስ ድምፃዊ የነበረው ኪት ሬልፍም በ1976 ቤቱ ውስጥ ጊታር ሲጫወት ኮረንቲ ገደለው። ሁለቱም ልምድ ያላቸው ሙዚቀኞች ነበሩ።

ይህ አደጋ በእኛ ከተማ የራሱ መልክ አለው። በኬንያ በኩል መሰኪያው ሦስት እግር አለው፤ እግሮቹ አራት ማዕዘን ሲሆኑ ረጅሙ ኧርዙ ነው። በኢትዮጵያ በኩል መሰኪያው ባለ ሁለት ክብ እግር ነው፤ ኧርዙ የሚገናኘው በጎን ባሉት ብረቶች ነው። ለሠርግ ድንበር የሚሻገር ባንድ መሀል ላይ ርካሽ ማስማሚያ ይሰካል፤ ኧርዙም ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ በቻሲው ጀርባ የኮምፒውተር ገመድ የሚቀበል ሶኬት ይቆረጥ፤ ከዚያ ለየአገሩ ሶኬት የሚሆን፣ ኧርዝ ያለው ገመድ መያዝ ነው። የኧርዙ ሽቦ የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙ እስከ ብረቱ ድረስ ተፍቆ፣ በራሱ ብሎን፣ ጥርስ ባለው ሮንዴላና በዳዶ ይጥበቅ። የትራንስፎርመሩን ብሎን ለዚህ ሥራ አትዋሱ። በኬንያው መሰኪያ ውስጥ ያለው 13 አምፔር ፊውዝ ለገመዱ ነው እንጂ ለአምፕሊፋየሩ አይደለም፤ ለእርሱ የራሱ ትንሽ ፊውዝ ቻሲው ላይ ቦታ ይሰጠው። የኬንያ መስመር 240፣ የኢትዮጵያ 220 ቮልት ተብሎ ይቆጠራል። ለ220 ብቻ የተጠመጠመ ትራንስፎርመር ኬንያ ውስጥ ሲሰካ የቫልቩ ማሞቂያ 6.3 ቮልት ወደ 6.9 ገደማ ይወጣል። ሁለቱንም የሚቀበል ትራንስፎርመር ካገኛችሁ የመምረጫውን ቀዳዳ አብራችሁ ቁረጡ።

ከየትኛው ብረት? ጂም ማርሻል ለንደን በነበረው የሙዚቃ ዕቃ ሱቁ፣ በ1962 ገደማ፣ ከኬን ብራንና ከዱድሊ ክሬቨን ጋር የአሜሪካውን ፌንደር ባስማን መነሻ አድርጎ እንግሊዝ ውስጥ በተገኘ ዕቃ አምፕሊፋየር ሠራ። የመጀመሪያዎቹ ቻሲዎች አሉሚኒየም ነበሩ፤ በኋላ ወደ ብረት ተዛወረ። እኔም ትራፓኖና ሞረድ ብቻ ላለው ሰው 2 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም እመርጣለሁ፤ ይታጠፋል፣ ይበሳል፣ የትራንስፎርመሩን ማግኔት አያስተላልፍም። ግን ተራ ስታኞ አይዘውም፤ ግንኙነቱ ሁሉ በብሎን ነው። ብየዳ ለሚያውቅ 1.2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ጠንካራና ርካሽ ነው። ዚንክ የተቀባውን ላሜራ ከመበየዳችሁ በፊት ዚንኩን ፍቁት፤ ጭሱ ያሳምማል። የአሮጌ ኮምፒውተር ቆርቆሮ ግን ለከባድ ትራንስፎርመር በጣም ቀጭን ነው።

አምፕሊፋየሩ የሚያሰማው የጉርምርምታ ነገር ረዘም ያለ ትዕግሥት ይፈልጋል። የኃይሉ ትራንስፎርመር በዙሪያው ማግኔታዊ መስክ ይረጫል፤ ድምፁን ወደ ስፒከር የሚያወጣው ትራንስፎርመርም ያንን ይቀበላል። አንድም ቀዳዳ ሳትበሱ የኃይሉን ትራንስፎርመር የውጤት ሽቦዎች ለየብቻ በጥንቃቄ ሸፍናችሁ፣ ብቻውን ኮረንቲ ስጡት። በሁለተኛው ትራንስፎርመር የስፒከር ሽቦ ላይ የጆሮ ማዳመጫ አገናኙና እያዳመጣችሁ ይህንኑ ሁለተኛውን በላሜራው ላይ አንሸራትቱት፣ አዙሩትም። ድምፁ እጅግ የሚያንስበት ቦታና አቅጣጫ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱ ዘጠና ዲግሪ ሲሆኑ ነው። እዚያ ላይ ምልክት አድርጉ። ቻሲው ከተበሳ በኋላ የመጣ ጉርምርምታ በምንም ማጣሪያ በቀላሉ አይወጣም። የጊታሩን ድምፅ መጀመሪያ የሚቀበለው ቫልቭም ከኃይሉ ትራንስፎርመር በሚቻለው ሁሉ ይራቅ።

ሙቀቱን አትርሱ። ፌንደር በብዙ ሞዴሎቹ ቫልቮቹን ቁልቁል ሰቅሏል፤ ሙቀቱ ካፓሲተሮቹ ወዳሉበት ቻሲ ይወጣል። የካፓሲተር ዕድሜ በየ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ጭማሪ በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ ይገመታል። በቆላ ነፋስ ውስጥ ለምንኖር ቫልቮቹ ወደ ላይ የቆሙበት፣ ከላይና ከኋላ የተበሳ ላሜራ የለበሰ አሠራር ይሻላል፤ የልጅ እጅም ከትኩስ መስታወት ይጠበቃል።

ስለ ሳጥኑ፦ ፌንደር በ1950ዎቹ የተጠቀመው ቀላል የጥድ ዓይነት እንጨት ነው። የእኛ ቅርብ ምትክ በኬንያም በኢትዮጵያም የሚተከለው የፈረንጅ ጥድ ነው፤ በደንብ የደረቀ፣ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ። ዋንዛ ያማረ ድምፅ እንዳለው ከበሮ የሚሠሩት ያውቃሉ፤ ዛፉ እየተመናመነ ስለሆነ ግን ለከበሮው ይተውለት። ስፒከሩ የሚታሰርበት ፊት 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይሁን። ችፑድ ይከብዳል፣ ጠርዙ ይፈረፈራል፣ ቪቱን አይዝም፤ መኪና ላይ ተጭኖ ለሚመላለስ ሳጥን አልመክረውም። ማዕዘኖቹ በጥርስ ተጋጥመው በኮላ ይያዙ፤ ምስማር ብቻውን ይላቀቃል።

ለ5 ዋት ጀርባው ከፊል ክፍት የሆነ ሳጥን ከ10 ወይም ከ12 ኢንች ስፒከር ጋር እመርጣለሁ፤ ድምፁ በክፍሉ ውስጥ ይሰራጫል፣ አየርም ይገባዋል። በሜዳ ለሚደረግ ሠርግ የሚሠራ ሰው ጀርባውን ቢዘጋው ወፍራሙ ድምፅ ይበረታለታል፤ ያኔ ግን ቻሲው በሌላ ሳጥን ይቀመጥ።

ያልተቆረጠ ላሜራና የትራንስፎርመሮቹን ልክ ይዤ መጥቻለሁ። ወደ ጠረጴዛው ቀረብ በሉና ጥያቄያችሁን እየጠየቃችሁ ቀዳዳዎቹን አብረን እንለካ።