የተበጠሰው ቺንጋ
(በኩየራ በተካሄደው የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ላይ የተደረገ ንግግር)

ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ምርምራቸውና ስለ ውጭ አገር ኑሯቸው ነግረውናል። እኔ የማወራችሁ ስለ መኪና ቺንጋ ነው። አትሳቁ፤ ወይም ሳቁ፣ ግን ስሙኝ።

ለብዙ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬአለሁ። ቺንጋ በፑሌጃ ላይ ተጠምጥሞ እንዴት ኃይል እንደሚያስተላልፍ ቀመሩን ዓይኔን ጨፍኜ ሰሌዳ ላይ እጽፈው ነበር። የገዛ መኪናዬን ኮፋኖ ግን ውሃ ለመጨመር ካልሆነ ከፍቼ አላውቅም።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ከሻሸመኔ ወደዚህ ስመለስ በአሮጌዋ ኮሮላዬ ላይ የባትሪው ቀይ መብራት በራ። «ባትሪ ነው፣ ሰኞ ይታያል» ብዬ ነዳሁ። ያ መብራት ዲናሞው መሥራት አቁሟል ማለት መሆኑን፣ በእኔ መኪና ላይ ደግሞ ዲናሞውንና የውሃውን ፓምፕ የሚያዞረው አንድ ቺንጋ መሆኑን ማን ነግሮኝ! ትንሽ እንደሄድኩ የሙቀቱ ቀስት ሽቅብ ወጣ። ኩየራ መግቢያ ላይ ቆምኩ። ትንሽ ብቀጥል ኖሮ ቴስታታው ይጣመም ነበር፤ ያ ደግሞ የወር ደመወዝ አይበቃውም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ ሰንበት ልትገባ ነው። ራዲያተሩን ልከፍት እጄን ስዘረጋ ከኋላዬ «ቲቸር! እንዳይነኩት!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የድሮ ተማሪዬ ነው። ስሙን እንዳልጠራ ለምኖኛል። እዚሁ መንደር ግቢው ውስጥ መኪና ይጠግናል። ኩየራ ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ በክፍት ድስት 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። የታፈነ ራዲያተር ውስጥ ያለው ግን ሳይፈላ ከዚያ በላይ ይሞቃል፤ ክዳኑ ሲከፈት ነው ባንዴ ገንፍሎ ፊት ላይ የሚወጣው። ይህንንም አስተምር ነበር፣ ምን ልበላችሁ።

እሑድ ጠዋት ቺንጋ ገዝቼ ሄድኩ። እሱ ግን መፍቻውን ለእኔ ሰጠኝና በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «ይፍቱት እርስዎ» አለኝ።

መጀመሪያ የተበጠሰውን አሳየኝ። ጎኑ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ ውስጡ ተሰነጣጥቋል። ከሦስት ወር በፊት አንድ ጋራዥ «አዲስ አስገብተናል» ብሎ ሒሳብ ተቀብሎኝ ነበር። አሮጌውን ጠርገው መልሰው አስገብተውታል። የተቀየረውን ዕቃ አምጡ ብዬ አለመጠየቄ የራሴ ጥፋት ነው።

ሥራው፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ከሆነ፣ አንድ ሰዓት አይፈጅም። የባትሪውን ኔጌቲቭ ትነቅላላችሁ። ዲናሞው የሚንጠለጠልበትን ቡሎንና የማጥበቂያውን ቡሎን ታላላላችሁ፤ ዲናሞውን ወደ ሞተሩ ስትገፉት ቺንጋው ይላላል፣ ይወጣል። አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት ፑሌጃዎቹን በእጅ ማዞር ነው። ኩሽኔታው የሚንኳኳ ወይም የሚያጉረመርም ከሆነ ቺንጋ መቀየር ብቻውን ዋጋ የለውም። ዘይት ካለ ይጠረጋል፤ ዘይት የነካው ላስቲክ ዕድሜ የለውም። ከዚያ ዲናሞውን በእንጨት ወደ ውጭ እየገፉ ማጥበቅ። ረጅሙን ክፍል በአውራ ጣት ጫን ስትሉት አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ከገባ በቂ ነው። እኔ እንደ ክራር አወጠርኩት። «ቲቸር፣ ይህ የዲናሞውንና የፓምፑን ኩሽኔታ ይበላል» ብሎ አስላላኝ። አዲስ ቺንጋ ስለሚለጠጥ ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና ይታያል። ሲጮህ ሳሙና መቀባት የሚባለውን እርሱት፤ ጩኸቱ የመላላት ወይም የማለቅ ምልክት ነው።

አዳዲሶቹ መኪናዎች ሰፊና ባለ ብዙ መስመር ቺንጋ አላቸው። ላዩ ላይ 6ፒኬ1230 ተብሎ ከተጻፈ ስድስት መስመር፣ 1230 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከመፍታታችሁ በፊት አካሄዱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ በኋላ ትደናገራላችሁ። የታይሚንግ ቺንጋ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ በአንድ ጥርስ ከሳተ ሞተሩ አይስተካከልም፤ በብዙ ከሳተ አንዳንድ ሞተር ላይ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። እሱን ለባለሙያ ተዉት።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ።

ስናጠብቅ ሳለ «የትኛው ፑሌጃ ላይ ነው ቀድሞ የሚንሸራተተው?» ብዬ ጠየቅሁት፤ የመምህር አመል። ቀና ሳይል «ዲናሞው ላይ ነዋ፤ ትንሽ ናት፣ ቺንጋው ብዙ አያቅፋትም» አለ። ክው አልኩ። ይህን መልስ አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት የፈተና ወረቀት ላይ ሁለት ክብ ስሎ፣ ወደ ትንሿ ቀስት አድርጎ፣ «እዚህ ይንሸራተታል፣ ትንሽ ነው የታቀፈችው» ብሎ ጽፎ ነበር። ቀመር አልነበረውም። ዜሮ ሰጠሁት። በዚያ ኮርስ ወደቀ፣ በሚቀጥለው ዓመት አልተመለሰም። የቀረው በእኔ ዜሮ ብቻ ነው አልልም፤ ቤተሰቡም ችግር ነበረበት። መልሱ ግን ልክ ነበር። ቀመሩም የሚለው ያንኑ ነው፤ የመያዝ አቅሙ የሚወሰነው በሰበቃውና ቺንጋው በታቀፈበት ማዕዘን ነው።

እሱ ፈተናውን አላነሳም። እኔም ያን ቀን አፌ አልተፈታም፤ ያነሳሁት ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ነው። ሳቀና «አስታውሰውታል እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ቡና አስፈላ፤ ስለ ሌላ ነገር አወራን። ዛሬ እንዲመጣ ጠርቼው ነበር፣ ሥራ አለብኝ ብሎ ቀረ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። የኤሌክትሪኮቹ ይህ ቺንጋ የላቸውም፤ እኛ እጅ ያሉት አሮጌዎቹ ግን ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ከእናንተ መካከል የቆመ መኪና ያለው ሰው ካለ ሞተሩን ለላብራቶሪው ይስጠን። ተማሪዎቹ ቀመሩን ከመጻፋቸው በፊት ይፍቱት፣ ይግጠሙት። ያን ልጅ ከሥራው አንድ ቀን አስፈቅጄ አሳያቸው ብዬ እለምነዋለሁ፤ የቀን አበሉን ከዲኑ ጋር እንነጋገርበታለን። ቺንጋውን እኔ እገዛለሁ።