የስኳር በሽታ ክኒንና የዓሣ ዘይት

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ ስኳር በሽታ መድኃኒት ነው። በደሴም በኮምቦልቻም ልጁ ጅዳ ወይም ዱባይ የሚሠራለት ቤተሰብ ብዙ ነው። ልጆቹ ለእናት ለአባታቸው ከሚልኩት ዕቃ መካከል አንዳንድ ጊዜ ቢጫ እንክብል የሞላበት ብልቃጥ ይገኛል። የዓሣ ዘይት ነው። "ለስኳርም ለልብም ፍቱን ነው" ተብሎ ይመጣል። ከዚያ አንዳንዱ ሰው የሐኪሙን ክኒን አስቀምጦ ይህን መዋጥ ይጀምራል። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የበላነው እንጀራ፣ ቂጣ፣ ቆሎ በሆዳችን ውስጥ ወደ ስኳር ይለወጥና በደም ይጓዛል። ስኳሩ ከደም ወጥቶ ወደ ጡንቻ እንዲገባ በር ከፋች ያስፈልገዋል። በር ከፋቹ ኢንሱሊን ይባላል። የሚመነጨውም ከቆሽት ነው። ስንናደድ "ቆሽቴ አረረ" የምንለው ያው ቆሽት ነው። ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም በሩ አልከፈት ሲል ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል። ውሎ አድሮ ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን ይጎዳል።

ክኒኖቹ ሥራቸው ለየብቻ ነው። ሜትፎርሚን ጉበት ስኳር እያመረተ ወደ ደም እንዳያፈስ ይገታል፤ በሩም እንዲከፈት ያግዛል። ሆድ እንዳያውክ ከምግብ ጋር ይዋጣል። ለብዙ ዓመት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ሊያሳንስ ስለሚችል፣ እግሩን የሚደነዝዘው ሰው ለሐኪሙ ይንገር።

ግሊቤንክላማይድ ግን ቆሽትን ቀስቅሶ ኢንሱሊን ያስመነጫል። ብትበሉም ባትበሉም ያስመነጫል! ረመዳንን የሚጾም፣ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚያቆይ፣ በኮምቦልቻ ፋብሪካ በማታ ፈረቃ ሳይበላ የሚሠራ ሰው ይህን ክኒን እንደ ወትሮው ከዋጠ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ ያጠምቀዋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ራሱንም ሊስት ይችላል። ምልክቱ ሲጀምር 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወዲያው ይጠጣ፤ ጾሙም በዚያው ይፈታል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ ትን ይለዋል። በፍጥነት ሐኪም ቤት ይወሰድ። ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪምን ማማከር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የክኒኑ ሰዓትና መጠን ሊለወጥ ይችላል።

ቆሽታቸው ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመባቸው ሰዎች፣ በተለይም ልጆች፣ የሚኖሩት በመርፌው ነው። መርፌው ከተቋረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕይወታቸው ለአደጋ ይጋለጣል። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕመምተኛ የተሰጠው በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ በ1922 እ.ኤ.አ. ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ አይቆይም ነበር። የዓሣ ዘይት ያኔም ነበረ፤ አላዳናቸውም።

ታዲያ ዘይቱ ምን ይሠራል? ውስጡ ኦሜጋ 3 የሚባል የስብ ዓይነት አለ። በደም ውስጥ ትራይግሊሰራይድ የሚባለውን ስብ ይቀንሳል። ይህ እውነት ነው። የደም ስኳርን ግን አይቀንስም። በእንግሊዝ አገር 15,480 የስኳር ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍለው ከ7 ዓመት በላይ ተከታተሏቸው። ግማሾቹ በየቀኑ 1 ግራም የዓሣ ዘይት፣ ግማሾቹ የወይራ ዘይት ዋጡ። ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋ የደረሰባቸው በሁለቱም ወገን ከ100 ሰው 9 ያህል ነበሩ።

ከሐይቅ የሚመጣው ዓሣ ጥሩ ምግብ ነው፤ ብሉት። ቤታችን ያለው ተልባም የኦሜጋ 3 ወገን አለው። ብልቃጡን የላከችውን ልጅ አትቆጧት፤ በላቧ ያገኘችውን ነው የላከችው። ስትደውል ግን "ልጄ፣ ለዘይቱ የምታወጪውን ለስኳር መለኪያ አድርጊልኝ" በሏት።

ከደሴ ሆስፒታልም ሆነ ከጤና ጣቢያ መድኃኒት ስትቀበሉ ፖስታውን ተመልከቱ። የክኒኑ ስም በፈረንጅ ፊደል ከሆነ መድኃኒት ሰጪውን "በአማርኛ ይጻፉልኝ" በሉ። ለምሳሌ እንዲህ ይጻፋል፦

ሜትፎርሚን። ጠዋት 1፣ ማታ 1፣ ከምግብ ጋር።

ቤት ስትገቡ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት፤ ቤተሰብም ይስማ። ቁጥሩ እንደየሰዉ ይለያያልና የጎረቤትን ፖስታ አንብቦ መዋጥ አይሆንም።