ያልተነካካ የድሮ መኪና ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ ስለመምረጥ



የዲስኩሩ ርእስ ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ የሚሆን፣ በጥሩ ይዞታ ላይ ያለ የድሮ መኪና እንዴትና ከየት እንደሚገኝ ማስረዳት ነው። ይሁን እንጂ «ከየት ይገኛል?» የሚለው ጥያቄ «የሚፈለገው የትኛው ነው?» የሚለው ሳይመለስ ሊመለስ የማይችል በመሆኑ፣ ሥራው በብዛት የሚበላሸውም በፍለጋው ሳይሆን በምርጫው በመሆኑ፣ የጊዜው ትልቁ ድርሻ ለምርጫው ተሰጥቷል። ምሳሌው ሁሉ ማለት ይቻላል በአንድ መኪና ላይ ያተኩራል፤ እርሱም የአዲስ አበባ ሰው ቮልስ እያለ የሚጠራው የጀርመኑ ቮልስዋገን ነው።

ቮልስና ማስታወቂያ የቆየ ዝምድና አላቸው። የኒውዮርኩ ዶይል ዴን በርንባክ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1959 ለዚህ መኪና የጀመረው የኅትመት ማስታወቂያ፣ ሰፊውን ገጽ ነጭ ትቶ በአንድ ጥግ ትንሿን መኪና ብቻ በማሳየቱ እስከ ዛሬ በትምህርት ቤቶች ይጠናል። ይኸው ድርጅት በ1960ዎቹ ካዘጋጃቸው የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎች በአንዱ፣ አንድ ሰው ገና ጎሕ ሳይቀድ በበረዶ በተሸፈነ መንገድ ቮልሱን እየነዳ ይሄዳል፤ መድረሻው የበረዶ መጥረጊያው ተሽከርካሪ የሚያድርበት ቦታ ሆኖ ይገኛል፤ ተመልካቹም መንገድ የሚጠርገው ሰው ራሱ መንገዱ ሳይጠረግ በምን እንደሚመጣ ይጠየቃል። በዚያ ሥራ መኪናው ራሱ የሚሸጠው ዕቃ ነበር፤ አዲስ መሆኑም ግዴታ ነበር። ዛሬ በአገራችን የባንክ፣ የቡና ወይም የቀለም ማስታወቂያ ውስጥ የድሮ ቮልስ ሲገባ ግን ሥራው ሌላ ነው፤ የሚሸጥ ዕቃ ሳይሆን ለአንድ ዘመን የሚመሰክር ምስክር ነው። ምስክር ደግሞ ቃሉ እርስ በርሱ ሊጋጭ አይገባም፤ የዚህ ዲስኩር ዋና ሐሳብም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ስያሜዎችን መለየት ያስፈልጋል። የታደሰ መኪና የሚባለው ላሜራው ተቀጥቅጦና ተበይዶ፣ ጎድጓዳው በስቱኮ ተሞልቶ፣ እንደገና ቀለም የተቀባው ነው፤ ስቱኮ ማለት ቀለም ቀቢዎች በተጣመመ ላሜራ ላይ ለጥፈው፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት የሚያስተካክሉት መሙያ ነው። ያልተነካካ የሚባለው ደግሞ ቀለሙ ቢደበዝዝም፣ መቀመጫው ቢያረጅም፣ ከፋብሪካ ይዞት የወጣውን አካል ይዞ የቆየው ነው። የማስታወቂያ ሥራ አስኪያጆች ዘወትር ማለት ይቻላል የመጀመሪያውን ይመርጣሉ፤ ምክንያቱም በሞባይል ፎቶ ላይ ያብረቀርቃል። በሲኒማ ካሜራና በትልቅ መብራት ሥር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በስቱኮ የተሞላ በር ብርሃን ሲያርፍበት ይሞገዳል፣ በኋላ የተቀባው ቀለም ከፓራፋንጎው ወደ ኮፈኑ ሲሻገር መልኩን ይለውጣል፣ በእርጅና የደበዘዘ የፋብሪካ ቀለም ግን ብርሃኑን በእኩል ይቀበላል። በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት ይህን ከካሜራው ቀድማ ትናገራለች፤ ከላሜራ ላይ ትጣበቃለች፣ ወፍራም ስቱኮ ካለበት ላይ ግን ትወድቃለች።

አሁን ወደ ዘመኑ ጉዳይ መግባት ይገባል፤ የመድረኩ መሪ ስለሚፈጀው ጊዜ ይቅርታ ያደርጉ ዘንድ ይለመናሉ። ቮልስ ለብዙ ዓመታት መልኩን አልለወጠም ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የፎርድ ሞዴል ቲን የምርት ክብረ ወሰን አልፎ፣ በ2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ውስጥ የመጨረሻው እስኪሠራ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተው መኪና ከሩቅ ሲያዩት በእርግጥ አንድ ይመስላል። በቅርብ ለሚያየው ሰው ግን የተሠራበትን ጊዜ በአካሉ ላይ ጽፎ የሚዞር ነው። የኋላ መስታወቱ እስከ 1953 መጀመሪያ ድረስ በመካከሉ አጥንት ያለው ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ከዚያ እስከ 1957 አጋማሽ እንቁላል መሰል ሞላላ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ሰፍቶ አራት ማዕዘን ሆነ። ቀደም ባሉት ዓመታት የነበረው ፍሬቻ መብራት ብቻ ሳይሆን ከበሩ ኋላ ካለው ምሰሶ ብቅ የሚል ትንሽ ክንድ ነበር። እስከ 1961 ድረስ የቤንዚን መጠን የሚያሳይ ጌጅ አልነበረውም፤ ነዳጁ ሲያልቅ ሹፌሩ ከእግሩ አጠገብ ያለውን የመጠባበቂያ ቧንቧ አዙሮ በቀረችው ነዳጅ ማደያ ይፈልግ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1967 የመጣው ነው። እስከዚያ ድረስ የፊት መብራቱ በፓራፋንጎው ቅርጽ ወደ ኋላ ዘንበል ያለ መስታወት ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብሎ ቆመ። የፊትና የኋላ መከላከያ ብረቶቹ ቀጭንና ጠምዛዛ ከመሆን ወደ ወፍራምና ቀጥተኛነት ተለወጡ፣ የኋላ መብራቶቹ ተለቁ፣ በአውሮፓው ሥሪት ባትሪው ከስድስት ቮልት ወደ ዐሥራ ሁለት ቮልት አደገ። በ1972 ነሐሴ ደግሞ የኋላ መብራቶቹ ትልልቅ ክብ ሆኑ።

ይህ ሁሉ ዝርዝር የሚጠቅመው የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ስላለ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ያሉ የማስታወቂያ ጸሐፊዎች ይህን ነጥብ በተለይ ቢያስተውሉት መልካም ነው። የማስታወቂያው ታሪክ የሚጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ የመኪናው ሞዴል ግን የሚጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ታሪኩ «በ1960 ዓ.ም. አንድ አባት ልጁን ትምህርት ቤት ሲያደርስ» ካለ፣ ያ ዓመት ከመስከረም 1967 እስከ መስከረም 1968 እ.ኤ.አ. ያለው ጊዜ በመሆኑ፣ በትክክል የመብራቱ ለውጥ ማግስት ላይ ይወድቃል። «የ60 ሞዴል አምጡ» የተባለው ደላላ የ1960 እ.ኤ.አ. ሥሪት ቢያመጣ ጉዳት የለውም፤ ሰባትና ስምንት ዓመት ያገለገለ መኪና በዚያን ጊዜ መንገድ ላይ ነበርና። ተቃራኒው ነው አደገኛው፦ ታሪኩ በ1957 ዓ.ም. ተቀምጦ «የ67 ሞዴል ነው፣ ጥቂት ዓመት ቢያልፍ ማን ያውቃል» ተብሎ በሚመጣ ጊዜ፣ ገና ያልተሠራ መኪና በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ይነዳል ማለት ነው። ለአንድ ዘመን የሚመረጠው መኪና ከታሪኩ ዓመት ሊያረጅ ይችላል፣ ከእርሱ ወዲህ የተሠራ ሊሆን ግን አይችልም።

በዚህ ረገድ በመላው ሕዝብ ዐይን የታየ አንድ ቮልስ አለ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን መውረዳቸው ተነግሯቸው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ያን ቀን በሥዕል ሊያስታውስ የሚሻ ሥራ ሁሉ መኪናውን ከመምረጡ በፊት የቤተ መንግሥቱን በር ሳይሆን የመኪናውን የኋላ መብራት ማጥናት አለበት፤ ቀኑ መስከረም 1974 እ.ኤ.አ. በመሆኑ፣ ከዚያ በኋላ የተሠራ አካል ያለው መኪና ለሥዕሉ አይሆንም። ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ጉዳይ አለ፤ በአገራችን ተሽከርካሪ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ የመንገዱን ግራ ይዞ ይሄድ ነበር፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ላይ ወደ ቀኝ ተዛወረ። ከዚያ በፊት የሆነ ታሪክ የሚቀረጽ ከሆነ መኪናው ምንም ያህል ትክክል ቢሆን ቀኙን ይዞ ከሄደ ምስክርነቱ ፈረሰ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ በመሆኑም የዚያ ዘመን ቀለም ከድሮ የቴሌቪዥን ሥዕል አይገኝም፤ ከመኪናው ራሱ እንጂ።

ለቀለሙ ማስረጃ የሚገኘው ቀለም ቀቢ ሊደርስበት ከማይፈልገው ቦታ ነው። ኮፈኑ ሲከፈት፣ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ፣ ከፊት የሚገኘው የስኮርታ ጎማ ማስቀመጫ ነው፤ ስኮርታው ተነሥቶ የሥሩ ላሜራ ቢታይ፣ ወይም የበሩ ዙሪያ ጎማ በጥንቃቄ ቢገለጥ፣ የፋብሪካው ቀለም ብዙ ጊዜ እዚያ ይጠብቃል። ከዚያም የኋላ መቀመጫው ይነሣል። ከሥሩ በስተቀኝ ባትሪው አለ፤ መካከሉ ላይ እንደ ጀርባ አጥንት በሚያልፈው ቱቦ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ተመትቷል። እዚህ ቦታ ላይ አንድ ሰው ተንበርክኮ የሚያሳልፈው ጊዜ ከማንኛውም የፎቶ ስብስብ ይበልጣል። ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል፤ የባትሪው አሲድ ለዓመታት የበላው ወለል በእጅ ይዳሰሳል፤ ላሜራው ካልተበሳ፣ አዲስ ብየዳም ካልታየበት፣ ያ መኪና ሳይነካካ የቆየ መሆኑ ግማሽ በግማሽ ተረጋገጠ ማለት ነው። ከውጭ አብረቅርቆ ከዚያ ሥር ግን በቆርቆሮ ቁራጭ የተለበጠ መኪና ለሠርግ አጀብ ይሆን ይሆናል፤ ለዘመን ምስክርነት ግን አይበቃም።

ሌሎቹ መኪኖች በጥቂት ቃል ይታለፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው ትንሹ ፊያት 600፣ ከ1960 ጀምሮ የተሠራው ፔጆ 404፣ ከፊያት 124 የተወለደውና በሶቭየት ኅብረት ከ1970 ጀምሮ የተመረተው ላዳ፣ ሁሉም በአዲስ አበባ መንገዶች ዘመን ያስቆጠሩ ናቸው። ላዳ ለታክሲነት በሰማያዊና በነጭ በመቀባቱ ያልተነካካው ብርቅ ነው፤ ፔጆ ደግሞ በብርታቱ ምክንያት ብዙ ሠርቷልና ሞተሩ ተቀይሮ የመገኘቱ ዕድል ሰፊ ነው።

ጊዜው ስላጠረ የርእሱ ዋና ተስፋ፣ ማለትም የማግኛው መንገድ፣ በችኮላ መነገሩ ግድ ሆኗል። ከውጭ ማስመጣት የሚባለው አማራጭ ዛሬ የለም ማለት ይቻላል፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ የሚፈለገው እዚሁ ካለው ነው፤ ያለውን የሚያውቀው ደግሞ ደላላው ሳይሆን መካኒኩ ነው። ደላላ የሚያውቀው ሊሸጥ የቀረበውን ነው፤ ያልተነካካ መኪና ግን ብዙውን ጊዜ ለሽያጭ አይቀርብም። በቮልስ ጥገና የሸመገለ መካኒክ በየሰፈሩ በማን ግቢ፣ በየትኛው ሸራ ሥር ምን እንደቆመ ያውቃል፤ የሶማሌ ተራ መለዋወጫ ነጋዴም ማን ምን ዕቃ እንደሚፈልግ ስለሚያውቅ፣ ስድስት ቮልት አምፖል ሊገዛ የሚመጣው ሰው የትኛውን መኪና እንደያዘ ይነግራል። በጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ከአባት የወረሱ ልጆች፣ ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላ ያልተሻገረ ሊብሬ የያዙ ቤተሰቦች ከሁሉ ቀድመው ሊጠየቁ ይገባል። ሲጠየቁም በክብር ነው፤ ለብዙዎቹ ያ መኪና ንብረት ብቻ ሳይሆን የአባታቸው ድምፅ ያለበት ነውና፣ ሽማግሌ ወይም የሚያምኑት መካኒክ አብሮ ቢሄድ ይሻላል።

ባለቤቱ ከተስማማ በኋላ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የኪራዩ ቀናት፣ ጉዳት ቢደርስ የሚከፈለው፣ ቀለም ወይም ታርጋ በምንም መልኩ እንደማይነካ በግልጽ ይስፈር። በቀረጻው ቀን መኪናው ራሱ እየተነዳ ከከተማ ወደ ከተማ ባይሄድና በጭነት መኪና ቢወሰድ ይመረጣል። የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ወለል ይልቅ በሩብ ገደማ የሳሳ በመሆኑ፣ ሠላሳ የፈረስ ጉልበት ብቻ የነበረው የድሮ ሞተር አራት ተዋናይና የካሜራ ዕቃ ጭኖ የቸርቸል ጎዳናን ዳገት ደጋግሞ እንዲወጣ ማድረግ በደል ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በአየር ነው፤ ማራገቢያውም በሞተሩ ፍጥነት ስለሚዞር፣ ቆሞ ሲንተከተክ ብዙ ከቆየ ይግላል፤ ዳይናሞውም በዚያ ፍጥነት በቂ ኃይል ስለማይሰጥ፣ መብራት በርቶ በቆየ ቁጥር ስድስት ቮልቱ ባትሪ ያልቃል። ስለዚህ የመብራት ሥዕሉ የሚቀረጸው በአጭር በአጭሩ ነው፤ በየመካከሉ ሞተሩ ይጠፋል፣ መለዋወጫ ባትሪም ከቦታው ይቀመጣል። መሪውን የሚይዘውም፣ ፊቱ በካሜራ የማይታይ እስከሆነ ድረስ፣ ባለቤቱ ራሱ ወይም መካኒኩ ይሁን፤ ፍሪሲዮኑ የት ላይ እንደሚይዝ፣ ማርሹም በየትኛው የእጅ እንቅስቃሴ እንደሚገባ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።