ቤትህ የት ነው? በጭነት መኪና ሣጥን ውስጥ ስለ መኖር
(በማኅበሩ ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ መኪናህ አጠር አድርገህ ንገረን» ብለውኛል። ጥግ ላይ የቆመው ነጭ የጭነት መኪና የኔ ነው። አንድ ወዳጃችን «ወንበሮቹን ያመጣው ይሄ ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። አይደለም፣ ቤቴ ነው። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ኖሬበታለሁ። በምሳ ሰዓት ማየት የሚፈልግ ይምጣ፤ በአንድ ጊዜ ከአራት ሰው በላይ ግን አይያዝም።

«ለምን?» ለሚለው አጭር መልስ ልስጥ። አምስት ኪሎ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማርኩ፤ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ግን ዕድሜዬን የበላው የረጅም መንገድ ሾፌርነት ነው። በዚህ ሥራ ያለፈ ሰው ከመካከላችን ጥቂት አይደለም። በሳምንት አምስት ሌሊት ካቢና ውስጥ እየተኛሁ፣ ለማላድርበት አፓርታማ ኪራይ እከፍል ነበር። ልጆቹ አድገው ወጥተዋል። እናቴ ደሴ ናት፣ በየወሩ የምልክላት አለ። ኪራዩ ሲጨምር መቀነስ የሚቻለው የሷን ብቻ ሆነ። እሱን ደግሞ አላደርገውም። ስለዚህ ነገሩ የፍልስፍና ሳይሆን የሒሳብ ጉዳይ ነው። በ2021 ኦስካር ያገኘውን «ኖማድላንድ» የተባለ ፊልም ያየ ሰው፣ ስንት አሜሪካዊ ሽማግሌ በዚሁ ሒሳብ መንገድ ላይ እንደወጣ ይገባዋል።

ቫን ትቼ የሣጥን መኪና የመረጥኩት በሦስት ነገር ነው። ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው፣ ወለሉ ከጎማው በላይ ስለሆነ ሜዳ ነው፣ አሮጌው ደግሞ ከአሮጌ ቫን ይረክሳል፤ የኪራይ ድርጅቶች ሲያረጅባቸው ይሸጡታልና። የኔ ሣጥን ርዝመቱ 16 ጫማ፣ ማለትም 4.9 ሜትር ነው፤ የወለሉ ስፋት 11 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዶርም ውስጥ ለስንት ሰው እንደነበር እናንተ አስታውሱ! አጠቃላይ የተፈቀደ ክብደቱ እስከ 26,000 ፓውንድ የሆነ መኪና በግል ለመንዳት ደግሞ በአብዛኛው የንግድ መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም። መጥፎው ነገር ቁመቱ ነው። ኖርዝ ካሮላይና ዳርሃም ከተማ ውስጥ ቁመቱ 11 ጫማ ከ8 ኢንች የነበረ የባቡር ድልድይ አለ፤ የስንቱን የጭነት መኪና ጣሪያ እንደ ሰርዲን ቆርቆሮ ከገፈፈ በኋላ በ2019 ከፍ ተደረገ። ቁመታችሁን ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፦ ሙቀትና እርጥበት። የሙቀት ማስተላለፍ ኮርስ የወሰዳችሁ ፈገግ በሉ። የሣጥኑ ግድግዳ ስስ አሉሚኒየም ነው፤ በየግማሽ ሜትሩ ገደማ ቋሚ አለው። ብዙ ሰው በቋሚዎቹ መካከል ፎም ሞልቶ «ጨረስኩ» ይላል። የበረዶው ወራት ሲመጣ ግን ቋሚዎቹ ያልባሉ፣ ከዚያ ይንጠባጠባሉ፣ ከዚያ እንጨቱ ይሻግታል። አሉሚኒየም ሙቀትን ከፎም በሺዎች በሚቆጠር እጥፍ ያሳልፋል፤ ሙቀት ደግሞ ሞኝ አይደለም፣ ቀላሉን መንገድ ይይዛል። እኔ በቋሚዎቹ መካከል 5 ሳንቲሜትር፣ በላዩ ላይ ቋሚዎቹን ጭምር የሚሸፍን ሌላ 2.5 ሳንቲሜትር ፎም አድርጌ መጋጠሚያውን በቴፕ አሸግሁ። ያቺ ሁለተኛዋ ስስ ንጣፍ ከመጀመሪያው ወፍራም የበለጠ ሥራ ትሠራለች።

እርጥበቱ ከየት ይመጣል? ከኛው። ትንፋሽ አለ፣ ወጥ አለ፣ ሻይ አለ። የጋዝ ምድጃ ደግሞ ይብሳል፤ 1 ኪሎ ፕሮፔን ሲቃጠል 1.6 ኪሎ ገደማ ውኃ በእንፋሎት ይወጣል። እኩልታውን ወረቀት ላይ ብትጽፉት ይወጣላችኋል። ለዚህ ነው ጋዝ ትቼ በናፍጣ የሚሠራ ትንሽ ማሞቂያ የገጠምኩት፤ የሚያቃጥለውን አየር ከውጭ ይስባል፣ ጭሱንም ወደ ውጭ ይተፋል፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ደረቅ ሙቀት ብቻ ነው። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ነዳጁን ካልቀነሳችሁለት ጥቀርሻ ይሞላል። በዚያ ላይ ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ትንሽም ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ ይዞራል። ሙቀት እያሞቁ መስኮት መክፈት ለእናቶቻችን ማስረዳት ከባድ ነው፤ «ብርድ ይመታሃል» ይሉናል።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተው። ከሰል። እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ በታሸገ ሣጥን ውስጥ፣ በመኪናም ሆነ በጋራዥ፣ የከሰል ምድጃ አታስገቡ። «ለቡና ብቻ ነው» ብላችሁም ቢሆን፣ «ፍሙ ቀልቷል፣ ጭስ የለውም» ብላችሁም ቢሆን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጭሱ መጥፋቱ ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። የተኛ ሰው አይነቃም። አገር ቤት በራችን ስለሚያፈስ ነው ብዙዎቻችን የተረፍነው። በአልጋዬ ራስጌና በማሞቂያው በኩል ሁለት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ዋጋቸው የአንድ እራት ዋጋ ነው። ቡና አልተውኩም። በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ በሩን ከፍቼ እቆላለሁ። 1,000 ዋት ላይ ጀበናዋ ሩብ ሰዓት ብትቀመጥ ሩብ ኪሎዋት ሰዓት ትበላለች፤ ባትሪዬ 5 ይይዛል፣ ከጣሪያው ፀሐይ ይሞላል። የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሆን መሞላት እንደሌለበት ግን እወቁ። የኔ ያለው ውስጥ ነው፣ አልጋው ሥር፣ ከኔ እኩል ይሞቃል።

ሌላው የሞት ጉዳይ በር ነው። ተጠቅላይ የኋላ በር የተሠራው ለዕቃ ነው፤ አንድ ሰው ከውጭ ቢቀረቅረው ከውስጥ አይከፈትም። አልጋ ከመሥራታችሁ በፊት በጎን በኩል ከውስጥ የሚከፈት ሁለተኛ በር ቁረጡ። ስለ ሻሲው አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ መኪና ሲሄድ ሻሲው ይጠማዘዛል፤ ካቢናውንና ሣጥኑን በብረት በይዳችሁ አታገናኙ፣ ይሰነጠቃል። የሚታጠፍ ጎማ አድርጉበት። ክብደቱን ደግሞ የሾፌሮች ማረፊያ ሚዛን ላይ አስመዝኑ፤ 200 ሊትር ውኃ 200 ኪሎ ነው።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ብየዳውም ሽቦውም አይደለም። «የት ነው የምትኖረው?» ሲሉኝ መመለስ ነበር። በኛ ዘንድ ቤት ማለት እንግዳ የሚገባበት ነው። መኪና ውስጥ ያለ ሰው «ተበላሸ» ይባላል፣ ለቅሶ ቢመጣበት የት ይቀመጣል ይባላል። እውነት ነው፣ አርባ ሰው አላስተናግድም። ግን በዚህ ወሬ ምክንያት በትንሽ መኪና የኋላ ወንበር ላይ የሚያድሩ ወንድሞች አውቃለሁ፤ ስንገናኝ ካራቫት አስረው፣ ጫማ ጠርገው ይመጣሉ። እነሱ በምርጫ አይደለም። ሕጉም አልቀለለም፦ በሰኔ 2024 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግራንትስ ፓስ ጉዳይ፣ ከተሞች ውጭ የሚያድር ሰውን መቅጣት ይችላሉ ብሎ ፈርዷል። መኪና ውስጥ ስለማደር እያንዳንዱ ከተማ የየራሱ ደንብ አለው፤ ከማቆማችሁ በፊት ደንቡን አንብቡ። እኔ ከአንድ ጋራዥ ባለቤት ጋር በወር ክፍያ ተስማምቼ፣ በጽሑፍ ይዤ ነው የቆምኩት።

መሣሪያዬ አለ፣ መጋዜ አለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ የለኝም። ማሞቂያ ማስገጠም፣ በር ማስቆረጥ፣ ወይም ማስጠንቀቂያ ብቻ ማሰቀል የሚፈልግ ሰው ካለ ስልኬ አዘጋጆቹ ጋ አለ። ስም አልጠይቅም፣ ለማንም አልናገርም፤ ዴንቨር አካባቢ ከሆናችሁ እኔው ወዳላችሁበት እመጣለሁ።